አልጌው ምን እየበላ ነው?

የአንባብያን ጥያቄና መልስ፦ የጨው ውሃ አኳሪየም

በዚህ እትም ከድሬዳዋና ከሐረር የደረሱንን ጥያቄዎች አንድ ላይ አቅርበናል። አብዛኞቹ አዲስ በተቋቋመ ትንሽ የኮራል ገንዳ ውስጥ ስለሚበቅል አልጌ (ዋቅላሚ) ናቸው። ጥያቄዎቹን አሳጥረናቸዋል።

ጥያቄ፦ 60 ሊትር የሚባል ገንዳ አለኝ፤ ከተቋቋመ አራት ወሩ ነው። ሁለት ክላውንፊሽ የሚባሉ ዓሣዎች፣ ጥቂት ዞአንተስ የሚባሉ ለስላሳ ኮራሎችና አንድ ሌዘር ኮራል አሉበት። ድንጋዩ ላይ ፀጉር የሚመስል አረንጓዴ ነገር በቅሎ አሁን የጣት ያህል ረዝሟል፤ ዞአንተሶቹን እየሸፈናቸው ነው። ሙቀቱ ስለማይቻል ቬንትሌተር ሌት ተቀን ውሃው ላይ ይነፋል። በየቀኑ የሚጎድለውን 1.5 ሊትር ያህል በቧንቧ ውሃ እሞላለሁ፤ ክሎሪኑ እንዲወጣ ግን አንድ ቀን አሳድረዋለሁ። የቧንቧውን ውሃ ስለካው ናይትሬቱ 40፣ የገንዳውን ስለካው 5 አሳየኝ። ታዲያ ይሄ አልጌ ከየት መጣ? አቦ መላ በሉኝ። (ከድሬዳዋ፣ ከዚራ)

መልስ፦ መልሱ ጥያቄዎ ውስጥ አለ፤ በየቀኑ የሚጨምሩት ውሃ ነው። ቬንትሌተር ገንዳን የሚያቀዘቅዘው ውሃውን በማትነን ነው። የሚተነው ግን ንጹሁ ውሃ ብቻ ነው፤ የአልጌ ምግብ የሆኑት ናይትሬቱና ፎስፌቱ፣ ሲሊኬቱና ጨዉም ገንዳው ውስጥ ይቀራሉ። እስቲ እናስላው። 60 ሊትር የተባለው ገንዳ ድንጋይና አሸዋ ከገባበት በኋላ የሚይዘው ውሃ 50 ሊትር ቢሆን ነው። በሊትር 40 ሚሊ ግራም ናይትሬት ያለው 1.5 ሊትር ውሃ ሲጨምሩ 60 ሚሊ ግራም ናይትሬት አስገቡ ማለት ነው። ለ50 ሊትር ሲካፈል በቀን 1.2፣ በወር 36 ሚሊ ግራም በሊትር ይደርሳል። በየሳምንቱ 5 ሊትር በንጹህ የጨው ውሃ ቢቀይሩ እንኳ የሚያወጡት ከተጠራቀመው አንድ አሥረኛውን ነው። በሳምንት የሚገባው 8.4 ስለሆነ ገቢና ወጪው የሚመጣጠነው ናይትሬቱ ከ80 ሲያልፍ ነው። መለኪያው 5 ያለው ቀሪውን አልጌው ስለበላው ነው። አልጌ በለመለመበት ገንዳ ውስጥ ዝቅተኛ ቁጥር ሲያዩ አይደሰቱ፤ የሚያሳየው ከአልጌው የተረፈውን ብቻ ነው።

40 ለመጠጥ ውሃ ክፉ ቁጥር አይደለም፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ያስቀመጠው ጣሪያ 50 ነው። ለእንዲህ ያለ ገንዳ የምንመክረው ግን ናይትሬት ከ2 እስከ 10፣ ፎስፌት ከ0.03 እስከ 0.1 ሚሊ ግራም በሊትር ነው። ውሃን ማሳደር ክሎሪንን ያስወጣ እንደሆነ እንጂ ናይትሬትን አይነካም። ማፍላትም አይረዳም፤ ውሃው ሲቀንስ የቀረው ይበልጥ ይጠነክራል።

የሚያስፈልግዎ ባለ አራት ደረጃ የአርኦ ማጣሪያ ነው፦ 5 ማይክሮን የደለል ማጣሪያ፣ ካርቦን፣ ውሃውን በግፊት የሚያሳልፍ ስስ ሽፋን (ሜምብሬን)፣ መጨረሻ ላይ የተረፈውን የሚይዝ ሬዚን። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግፊቱ ላይ ነው። ሜምብሬን በደንብ የሚሠራው ከ3 እስከ 4 ባር ሲያገኝ ነው። ጣሪያ ላይ ከተቀመጠ ሮቶ የሚወርድ ውሃ በእያንዳንዱ ሜትር ከፍታ 0.1 ባር ብቻ ይሰጣል፤ 5 ሜትር ከፍታ ግማሽ ባር ማለት ነው። በዚህ ግፊት ማጣሪያው ይንጠባጠባል፣ የሚወጣውም ውሃ ንጹህ አይሆንም። ስለዚህ ትንሽ የግፊት ፓምፕ አብረው ይግዙ። ለአንድ ሊትር ንጹህ ውሃ ከ3 እስከ 4 ሊትር ተረፈ ውሃ ይወጣል፤ በበርሜል ያጠራቅሙትና ወለል ያጥቡበት። ተረፈ ውሃውን ለመቆጠብ ብለው መውጫውን አያጥብቡት። የድሬዳዋ ውሃ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ምን ያህል ነጭ ቅርፊት እንደሚጋግር እያወቁ ሜምብሬኑ ላይ እንዲጋገር መፍቀድ ነው። ከሬዚኑ በኋላ የሚወጣው ውሃ በቲዲኤስ (ውሃ ውስጥ የሟሟ ነገር መጠን) መለኪያ 0 ማሳየት አለበት፤ 2 እና 3 ማለት ሲጀምር ሬዚኑ ይቀየር። የእርስዎ ገንዳ በሳምንት የሚፈልገው ለመሙያ 10.5፣ ለቅያሪ 5፣ በድምሩ 16 ሊትር ያህል ነው፤ ትንሹ ማጣሪያ ይበቃዎታል።

ማጣሪያው እስኪገኝ የታሸገ ውሃ መጠቀም ይቻላል፤ ግን ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ናይትሬትና ቲዲኤስ አንብበው ዝቅተኛውን ይምረጡ። ጋራዥ የሚሸጠው የባትሪ ውሃ በእርግጥ የተጣራ ከሆነ ይሠራል። እዚያው መደርደሪያ ላይ የባትሪ አሲድ ስለሚቀመጥ ቲዲኤሱንና ፒኤቹን (አሲድነቱን) ሳይለኩ አንዲት ጠብታ አይጨምሩ። ከኤርኮንዲሽነር የሚንጠባጠበውን ውሃ ግን ይተዉት። ንጹህ ቢመስልም በመዳብ ቱቦና በአቧራ ላይ ተንሸራቶ የመጣ ነው፤ መዳብ ደግሞ ቀንድ አውጣንም ኮራልንም ይገድላል።

ውሃው ከተስተካከለ በኋላ ያለው አልጌ በእጅ ይወጣል። ሁለት ባልዲ ያዘጋጁና ለቅያሪ ያወጡትን 5 ሊትር የገንዳ ውሃ ይከፍሉባቸው። ፓምፖቹን ያጥፉ፤ የተበጠሰ አልጌ በጅረት ተበትኖ ሌላ ቦታ ይበቅላል። ድንጋዩን አውጥተው ረጅሙን በጣት ይንጩ፤ የቀረውን ሥር በጠንካራ የጥርስ ብሩሽ በመጀመሪያው ባልዲ ውስጥ ይፈግፍጉ። ከዚያ ድንጋዩን ከውሃ ውጪ ይዘው ከፋርማሲ የተገዛ 3 በመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ በመርፌ ሲሪንጅ ሥሩ ላይ ብቻ ያንጠባጥቡ። ነጭ አረፋ ይደፍቃል። ከ2 እስከ 3 ደቂቃ ጠብቀው በሁለተኛው ባልዲ ያለቅልቁትና ይመልሱት። በሁለትና ሦስት ቀን ውስጥ የቀረው አልጌ ነጣ ብሎ ይረግፋል። የኮራሉን ሥጋ እንዳይነካ፤ ሽሪምፕ ካለ ደግሞ ከዚህ መድኃኒት ጋር አይስማማም። የፀጉር ቤት ፐርኦክሳይድ 20 ቮሊዩም የሚለው 6 በመቶ ነው፤ በእኩል መጠን ንጹህ ውሃ ሳያቀጥኑ አይጠቀሙ። በአንድ ሳምንት ከድንጋዮቹ ሲሶውን ብቻ ይሥሩ። ሁሉንም በአንድ ቀን ካጸዱ የሞተው አልጌ መልሶ ማዳበሪያ ይሆናል።

ዞአንተስ የተጣበቀበትን ድንጋይ ሲነኩ ጓንትና መነጽር ያድርጉ፤ አንዳንዶቹ ፓሊቶክሲን የሚባል ብርቱ መርዝ አላቸው።

መብራቱን በታይመር በቀን 8 ሰዓት ያድርጉት፤ ነጩን ቀንሰው ሰማያዊውን ይተዉት። ለሁለት ክላውንፊሽ በቀን አንድ ጊዜ፣ በሁለት ደቂቃ ተበልቶ የሚያልቅ ምግብ ይበቃል። በረዶ የሆነ ምግብ ከሆነ ቀልጦ የሚወጣው ጭማቂ በፎስፌት የተሞላ ነውና በትንሽ ወንፊት አጥልለው ይስጡ። ገንዳው የተሠራው በደረቅ ድንጋይ ከሆነ ደግሞ ድንጋዩ ራሱ ያጠራቀመውን ፎስፌት ለወራት ሊለቅ ይችላል። ፎስፌቱ ከ0.1 አልወርድ ካለ ፎስፌት የሚመጥ የብረት ኦክሳይድ ጥራጥሬ በከረጢት አድርገው ማሸጊያው ላይ ከተጻፈው ግማሽ መጠን ይጀምሩ። ይህን ሁሉ አድርገውም ልዩነቱ ጎልቶ የሚታየው ከ6 እስከ 10 ሳምንት ውስጥ ነው፤ በሦስተኛው ሳምንት ተስፋ ቆርጠው መድኃኒት ፍለጋ አይሂዱ።

ጥያቄ፦ ገንዳዬ 5 ሳምንቱ ነው። አሸዋውና መስታወቱ ቡናማ ሆነብኝ። ጓደኛዬ ዳያቶም ነው በራሱ ይጠፋል ይላል፤ ሌላው ዳይኖ ነው ገንዳህ አለቀለት ይላል። ማንን ልመን? (ከድሬዳዋ፣ ሳቢያን)

መልስ፦ ሁለቱንም ሳታምን ራስህ ፈትነው፤ ዳያቶምም ዳይኖም (ዳይኖፍላጀሌት) ባለ አንድ ሴል ጥቃቅን ፍጥረታት ናቸው። ትንሽ ቡናማውን ነገር በሲሪንጅ ከውሃው ጋር ምጠጥ፤ ክዳን ባለው ጠርሙስ አድርገህ እስኪበታተን በደንብ ናጠው፤ በቡና ማጣሪያ ወረቀት አጥልልና የወረደውን ውሃ መብራት ሥር ለአንድ ሰዓት አስቀምጠው። ተመልሶ ገመድ እየሠራ ከተሰበሰበ ዳይኖፍላጀሌት ነው። ተበትኖ ከቀረ ዳያቶም የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው። ዓይንም ይረዳል፤ ዳያቶም እንደ አቧራ የተነሰነሰ ነው፣ መስታወቱን በጣት ሲያብሱት ይነሳል። ዳይኖ ግን እንደ ንፍጥ ይዝለገለጋል፣ ጫፉ ላይ የአየር አረፋ ይይዛል፣ ሌሊት ቀንሶ ቀን ላይ ይመለሳል።

ዳያቶም ከሆነ ሲሊኬት እየበላ ነው። ሲሊኬቱ ከአዲሱ አሸዋና ከቧንቧ ውሃ ይመጣል፤ የመሙያው ውሃ ንጹህ ከሆነ በጥቂት ሳምንት ያልቃል። መስታወቱን ጥረግ፣ ሌላ ምንም አታድርግ።

ዳይኖ ከሆነ ነገሩ ይገለበጣል። እርሱ ብዙ ጊዜ የሚነሳው ናይትሬትና ፎስፌት ዜሮ በሆኑበት ገንዳ ውስጥ ነው፤ ተፎካካሪ አልጌና ባክቴሪያ ተርበው ሲዳከሙ ሜዳው ለእርሱ ይቀራል። ስለዚህ ውሃ መቀየሩን አቁም፣ የፎስፌት ማጣሪያ ካለ አውጣ፣ ናይትሬቱ 5፣ ፎስፌቱ 0.05 እስኪደርስ ምግብ ጨምር። መብራት ከመጥፋቱ በፊት የተሰበሰበውን በቀጭን ቱቦ ምጠጥ፤ የመጠጥከውን ውሃ በጥሩ ጨርቅ አጥልለህ መመለስ ትችላለህ። ቱቦውን በአፍህ አትሳብ፤ አንዳንዱ ዓይነት መርዘኛ ነው፤ ቀንድ አውጣዎች ያለ ምክንያት መሞት ከጀመሩም ያው ነው ምልክቱ። ሌሊት ወደ ውሃው የሚነሳው ዓይነት በዩቪ (አልትራቫዮሌት) መብራት ይቀንሳል፤ አሸዋ ውስጥ የሚቆየው ላይ ግን ዩቪ ገንዘብ ማባከን ነው።

ጥያቄ፦ ቀይ ጨርቅ የሚመስል ነገር አሸዋዬን አልብሶታል። ስገፈው እንደ ቆዳ ይነሳል፣ በሦስት ቀን ይመለሳል። ፋርማሲ ኤሪትሮማይሲን ገዝቼ ልጨምር? መብራት በጠፋ ቁጥር ይብሳል። (ከድሬዳዋ፣ መጋላ)

መልስ፦ ያዩት አልጌ ሳይሆን እንደ አልጌ በብርሃን የሚያድግ ባክቴሪያ፣ ሳያኖባክቴሪያ ነው፤ ለዚህም ነው አንቲባዮቲክ የሚገድለው። ግን አይጨምሩ። የገንዳውን ቆሻሻ የሚበሉትንም ባክቴሪያዎች ይጎዳል። ቀዩ በአንድ ጊዜ ሞቶ ሲበሰብስ ኦክስጅኑን ይጨርሰዋል፤ በሞቀ የጨው ውሃ ውስጥ ደግሞ ኦክስጅን ድሮም ትንሽ ነው፣ ድሬዳዋም 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች ከባህር ዳርቻው ይበልጥ ያንሳል። ምግቡ ካልተቀነሰ ተመልሶ መምጣቱም አይቀርም፤ የሰው መድኃኒት እንዲህ እየተበተነ ባክቴሪያው መላመዱ ደግሞ የገንዳ ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ቀዩ የሚወደው ውሃ የማይንቀሳቀስበትን ቦታና የበሰበሰ ምግብን ነው። ገንዳው 50 ሊትር ውሃ ከያዘ በሰዓት ከ1,000 እስከ 1,500 ሊትር የሚያንቀሳቅስ የጅረት ፓምፕ ይኑረው፤ ቀይ ወደለበሰው ጥግ ያዙሩት፣ አሸዋው እስኪቦካ ግን አይሁን። በውሃ ቅያሪ ቀን 6 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው የአየር ቱቦ ቀዩን እንደ ሉህ እየጠቀለሉ ይምጠጡት፤ ሰፊ ቱቦ ቀዩን ሳይጨርስ 5 ሊትሩን ይጨርሳል። ሦስት ሳምንት እንዲህ ተደርጎ ካልቀነሰ ገንዳውን በብርድ ልብስ ሸፍነው ለሦስት ቀን መብራት ይንፈጉት። አየር ፓምፑ ያለማቋረጥ ይሥራ፣ ከዚያ በፊት የሚችሉትን ያህል ይምጠጡ፣ ሲገልጡት 10 ሊትር ይቀይሩ። ለስላሳ ኮራሎች ሦስት ቀን ጨለማ ይችላሉ።

መብራት ሲጠፋ የሚብስበት ምክንያት የማጣሪያው ስፖንጅ ነው። ውሃ ሳይዘዋወር ሰዓታት ሲያልፉ ስፖንጁ ውስጥ ኦክስጅን ያልቃል፣ ባክቴሪያው ይሞታል፣ መብራት ሲመጣ ያ ሁሉ ብስባሽ ወደ ገንዳው ይተፋል። መብራት ጠፍቶ ከሁለት ሰዓት በላይ ከቆየ ማጣሪያውን ከሶኬት ይንቀሉ፤ መልሰው ከመሰካትዎ በፊት ስፖንጁን ከገንዳው በተቀዳ ውሃ ይጠቡ። በባትሪ የሚሠራ ትንሽ አየር ፓምፕ ከጎን ቢቀመጥ ዓሣዎቹን የሚያተርፈው እርሱ ነው።

ጥያቄ፦ የአኳሪየም ጨው ውድ ነው። የአፋር ጨው ብጠቀምስ? ወይስ ከጅቡቲ ባህር ውሃ ላስመጣ? (ከድሬዳዋ፣ ገንደ ቆሬ)

መልስ፦ የአፋር ጨው አይሆንም። የምግብ ጨው ከሞላ ጎደል ሶዲየም ክሎራይድ ብቻ ነው። የባህር ውሃ በኪሎ ግራም 1.28 ግራም ማግኒዥየም፣ 0.41 ግራም ካልሲየም፣ 0.40 ግራም ፖታሺየምና 2.7 ግራም ሰልፌት አለው፤ ኮራል ያለ እነዚህ አጥንቱን አይሠራም። የአኳሪየም ጨው በሊትር 36 ግራም ገደማ ነው የሚገባው፤ ለ5 ሊትር ቅያሪ 180 ግራም። ንጹህ ውሃ ውስጥ ጨምረው በፓምፕ አንድ ቀን ያማስሉት፤ የጨው መለኪያው 1.026 ወይም በሺህ 35 ሲል ይጠቀሙ።

የጅቡቲ ውሃ ይሆናል፣ ከየት ተቀዳ ነው ጥያቄው። ከወደቡ፣ ከመርከብ ዘይትና ከከተማ ፍሳሽ ርቆ፣ ከጥልቅ ቦታ ካልተቀዳ ገንዘብ ከፍለው ናይትሬት ማስመጣት ነው። ለምግብ በሚሆን ጀሪካን ይምጣ፤ የዘይት ጀሪካን ቢታጠብም አይጠራም። ሲደርስ በጥሩ ጨርቅ አጥልለው ጨዉን፣ ናይትሬቱንና ፎስፌቱን ይለኩ። ድንጋያማ ኮራልና ኮራል የተጣበቀበት ድንጋይ ግን አብሮ እንዳይጫን፤ በሳይተስ (የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድን የሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ ስምምነት) ሁለተኛ አባሪ ውስጥ ያሉ ስለሆኑ ያለ ፈቃድ ድንበር አያልፉም።

ጥያቄ፦ ለአልጌው ብዬ ለ60 ሊትር ገንዳዬ 10 ቱርቦ ቀንድ አውጣ አስገባሁ። አንድ በአንድ አለቁብኝ። ሌሊት ውሃው 21 ዲግሪ ይወርዳል፣ ቀን 25 ነው። (ከሐረር፣ ጁገል)

መልስ፦ 10 ቱርቦ ለ60 ሊትር ብዙ ነው፤ አልጌውን በሳምንት ጨርሰው ይራባሉ፣ ሲሄዱም ኮራል ይገለብጣሉ። ትሮከስ ከሚባለው ቀንድ አውጣ 3፣ ሴሪት ከሚባለው 5 ይበቃዎታል። ትሮከስ ሲገለበጥ ራሱን ያቃናል፤ አስትሪያ የሚባለው ግን በጀርባው እንደወደቀ ይቀራልና አይግዙ። ረጅሙን ፀጉር አልጌ ግን አብዛኞቹ አይነኩትም፤ መጀመሪያ በእጅ ይነጭ፣ እነርሱ አጭሩን ይጠብቁ።

ቀንድ አውጣ በጨው መጠን ለውጥ ይሞታል። የመጡበትን ከረጢት ውሃ ይለኩ፤ ከገንዳው ከተለየ በቀጭን ቱቦ ጠብ ጠብ እያደረጉ ለአንድ ሰዓት ተኩል ያላምዷቸው። የሞተውን ዕለቱን ያውጡ፤ አንድ የበሰበሰ ቱርቦ ትንሽ ገንዳን ያቆሽሻል።

ከ21 እስከ 25 መዋዠቁም ጥሩ አይደለም። የሐረር ብርድ ለአልጌው ጉዳይ ይጠቅማል፤ ቬንትሌተር ስለማያስፈልግ የሚተነው ውሃ ትንሽ ነው። ባለ 75 ወይም 100 ዋት ማሞቂያ አስገብተው 25 ላይ ያቁሙት፣ ውሃ ሲቀይሩ ግን መንቀልዎን አይርሱ፤ ከውሃ ውጪ ሲግል መስታወቱ ይሰነጠቃል።

ጥያቄ፦ ድንጋዩን ቀቅዬ ልጨርሰው ይሆን? ወይስ በረኪና? የእርሻ መድኃኒት ቤት ደግሞ ሰማያዊ የመዳብ ጨው አለ፤ ለአልጌ ነው ብለውኛል። (ከድሬዳዋ)

መልስ፦ መቀቀል ፈጽሞ አይሞከር። ድንጋዩ ላይ ዞአንተስ ወይም ዘመዱ ፓሊቶዋ ካለ መርዙ ከእንፋሎቱ ጋር ይወጣል፤ ቤተሰብ ሁሉ ሆስፒታል ሊገባ ይችላል። የመዳብ ሰልፌቱ አልጌውን ይገድላል፣ ቀንድ አውጣውን፣ ሽሪምፑንና ኮራሉንም እንዲሁ፤ ድንጋዩ ውስጥ ገብቶም ለወራት ይለቃል።

በረኪና የሚሆነው ሕይወት ለሌለበት አንድ ድንጋይ ብቻ ነው። ደጅ ላይ፣ ጓንት አድርገው፣ 1 እጅ በረኪና በ10 እጅ ውሃ በጥብጠው አንድ ቀን ይዘፍዝፉት። ሁለት ሦስት ጊዜ በብዙ ውሃ ያለቅልቁት፤ ከዚያ ፀሐይ ላይ ሽታው እስኪጠፋ፣ ድንጋዩም ውስጡ ድረስ እስኪደርቅ ያስጡት። ኮምጣጤ ወይም ሌላ አሲድ በረኪናው ላይ አይጨምሩ፤ የሚወጣው የክሎሪን ጋዝ ነው። ኮምጣጤ የሚያገለግለው ለፓምፑ ነው፦ በእኩል ውሃ አቅጥነው አንድ ሰዓት ይዘፍዝፉት፣ ነጩ ቅርፊት ሲለቅ በብሩሽ ጠርገው በንጹህ ውሃ አለቅልቀው ይመልሱት።